ለናፍጣው ቅባት ማን ይጨምርለት?

ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ስለ ናፍጣ ምን አገባችሁ የሚለን አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። በዚህ አገር የምንበላው እህል፣ የምንለብሰው ልብስ፣ ቤት የምንሠራበት ሲሚንቶና ብረት ሁሉ የሚጓዘው በናፍጣ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ አፋርን አቋርጦ የሚመጣው ናፍጣ ራሱ የሚጫነው ናፍጣ በሚጠጣ ቦቴ ላይ ነው። የአንድ ከባድ መኪና ፖምፓ ሲበላሽ ሂሳቡ ሾፌሩና ባለንብረቱ ዘንድ አይቆምም፤ ዞሮ ዞሮ የጤፍና የስኳር ዋጋ ላይ ይታያል። ስለዚህ ያገባናል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጋራዥ ደጃፍ ጥቂት የቆመ ሰው አንድ ወሬ ሳይሰማ አይመለስም። «የዘንድሮ ናፍጣ ደረቅ ነው፤ ድኙን ሲያወጡት ቅባቱንም አብረው አወጡት፤ ፖምፓ ይበላል፣ ኖዝል ይጨርሳል» ይባላል። መድኃኒቱም እዚያው ይነገራል፤ ታንከር ሲሞላ ጥቂት ዘይት ጣል ማድረግ ነው። ጣል የሚደረገው ዘይት እንደ ሰው ኪስና እምነት ይለያያል። አንዱ አዲስ የሞተር ዘይት ይጨምራል። ሌላው ለሞተር ሳይክልና ለመጋዝ ሞተር የሚሸጠውን ባለ ሁለት ምት ዘይት ይመርጣል። ገንዘብ ያለው ወርቃማ ጽሑፍ ያለበትን የውጭ ጠርሙስ ይገዛል። ቆጣቢ ነኝ ባዩ ደግሞ ከራሱ ሞተር የወረደውን የተቃጠለ ዘይት በጨርቅ አጥልሎ ይመልሰዋል።

ይሠራል ወይስ አይሠራም? እኛ እንዲህ እንላለን። ስጋቱ እውነት ነው። ትክክለኛው ጭማሪ በትክክለኛው መጠን ከገባም ይሠራል። ነገር ግን ጨማሪው ሾፌሩ፣ መጨመሪያውም ማደያ ጥግ መሆኑ ልክ አይደለም። ይህን ለማለት ያበቃንን አንድ በአንድ እንይ።

ስጋቱ ተረት አይደለም

በመጀመሪያ ለሾፌሮቹ ሐቃቸውን እንስጣቸው። የሞተሩ ፒስተንና ኮሎ የሞተር ዘይት ያገኛሉ። የናፍጣ ፖምፓው ዕድል ግን ሌላ ነው። በተለይ ሮታሪ በሚባለው ፖምፓና በዛሬዎቹ ኮመን ሬይል መኪኖች ፖምፓ ውስጥ የሚፋተጉት ብረቶች የሚለሰልሱት በመካከላቸው በሚያልፈው ናፍጣ ነው። ናፍጣው ነዳጅም ነው፣ ግራሶም ነው። የከባድ መኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር ስምንት ባር ገደማ ግፊት አለው። በኮመን ሬይል ሞተር ውስጥ ያለው ናፍጣ ግን ከ1,600 ባር በላይ ሊጨመቅ ይችላል። በዚህ ግፊት የሚሠሩ ብረቶች ልስላሴ ሲያጡ ምን እንደሚሆኑ መገመት አይከብድም።

ይህ የደረሰበት አገርም አለ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1991 ከሚሊዮን ክፍል ውስጥ ድኙ ከ10 ክፍል የማይበልጥ ናፍጣ ገበያ ላይ አወጣች። ለከተማ አየር ትልቅ እፎይታ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን የመኪኖች ፖምፓ ከወትሮው ቀድሞ መበላት ጀመረ። መሐንዲሶች ነገሩን ሲመረምሩት ምክንያቱ ያልተጠበቀ ሆኖ ተገኘ። ድኝ ራሱ ቅባት አይደለም። ነገር ግን ማጣሪያ ፋብሪካ ድኙን ለማውጣት ናፍጣውን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ከሃይድሮጅን ጋር ሲያገናኘው፣ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ያዘሉ ጥቂት የተፈጥሮ ውህዶችም አብረው ይጠፋሉ። ብረትን ሲያለሰልሱ የኖሩት እነዚያ ነበሩ። ስዊድኖች ታዲያ ወደ ድኙ አልተመለሱም። የጎደለውን ቅባት በተለየ ጭማሪ ተኩ፤ ችግሩም ተፈታ።

ሌላውም ዓለም ተከተለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 የመንገድ ናፍጣዋን ወደ 15 ክፍል፣ አውሮፓ በ2009 ወደ 10 ክፍል አወረዱ። ጎረቤቶቻችን ኬንያና ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባላት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ወደ 50 ክፍል ወርደዋል። «ታዲያ ድኙ ቢቀርልን ምን ነበረበት?» የሚል ካለ መልሱ ሳንባችን ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መድቦታል። ድኝ ያለበት ናፍጣ የጭስ ማጣሪያ መሣሪያዎችንም ያበላሻል። አዲስ አበባ ላይ ሽቅብ የሚወጣ አሮጌ አውቶቡስ ኋላ ቆሞ ያውቃል የሚባል ሰው ስለዚህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ምጣዱና ጎመን ዘሩ

እዚህ ላይ አንድ ቃል እንለይ። ብዙ ሰው ወፍራም ፈሳሽ ሁሉ የተሻለ የሚያለሰልስ ይመስለዋል። ዘይት ጣል የማድረግ ልማድ ሥሩ ይሄ ነው። ውፍረትና ልስላሴ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እንጀራ ሲጋገር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ኬሚስትሪ መማር የለበትም። ጋጋሪዋ ምጣዱን በተወቀጠ ጎመን ዘር ታሰሳለች። ምጣዱ ላይ የምትቀረው ቅባት ዓይን አይሞላም፤ እንጀራው ሳይጣበቅ እንዲነሣ የምታደርገው ግን እሷ ናት። ጎመን ዘሩን ትታ ግማሽ ሊትር ዘይት ብታፈስበት የሚወጣው የተሻለ እንጀራ አይደለም፤ ቂጣም አይሆንም።

የናፍጣ ቅባት የሚሠራው እንዲሁ ነው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጁት ጭማሪዎች ብዙዎቹ ከአትክልት ዘይት ወይም ከጥድ እንጨት ተረፈ ምርት የሚገኙ የቅባት አሲዶችና የነሱ ዘመዶች ናቸው። አንደኛው ጫፋቸው ብረት ላይ ይለጠፋል፤ ረጅሙ ጭራቸው ደግሞ ወደ ውጭ ቆሞ ብረት ከብረት እንዳይገናኝ ይከላከላል። ብረቱ በስሱ ከተሸፈነ በኋላ ተጨማሪ ቢፈስ ብዙም የሚለውጠው የለም። ለዚህ ነው መጠኑ ከሚሊዮን ክፍል ውስጥ ከአሥሮች እስከ ጥቂት መቶዎች ብቻ የሚሆነው።

ወደ ሾፌሩ ቋንቋ እንመልሰው። 300 ሊትር ለሚይዝ ታንከር ከሚሊዮን 200 ክፍል ማለት በግምት 60 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንዲት የቡና ሲኒ ማለት ነው። ባለ ሁለት ምት ዘይት የሚጨምሩ ሰዎች የሚከተሉት ስሌት ግን አንድ ለ200 ነው፤ ለዚያው ታንከር አንድ ሊትር ተኩል፣ ትልቁን ሃይላንድ ሙሉ። የሲኒውን ሥራ ለመሥራት ሃያ አምስት እጥፍ ዘይት ይፈስሳል፤ ያውም ሥራውን በደንብ ከሠራው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የናፍጣን ልስላሴ መለካት ይቻላል፤ መለኪያውም ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ስድስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የብረት ኳስ 200 ግራም ጭነት ተደርጎባት፣ 60 ዲግሪ በሞቀ ናፍጣ ውስጥ በብረት ሳህን ላይ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ትፋተጋለች። ከ75 ደቂቃ በኋላ ኳሷ ላይ የቀረው ጠባሳ በማይክሮስኮፕ ይለካል። ጠባሳው በሰፋ ቁጥር ናፍጣው ደረቅ ነው። የአውሮፓ ደረጃ ጠባሳው ከ460 ማይክሮን እንዳይበልጥ ያዛል። አሜሪካ ከ2005 ጀምሮ 520 ማይክሮን ላይ ወስናለች። ሺህ ማይክሮን አንድ ሚሊ ሜትር ነውና የምናወራው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ወዲህና ወዲያ ስላለ ጠባሳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የናፍጣ መኪና ባለቤቶች ተሰባስበው ገንዘብ አዋጡና ገበያ ላይ ያሉ ጭማሪዎችን በገለልተኛ ላቦራቶሪ በዚህ ዘዴ አስመረመሩ። ሻጭ ለራሱ ዕቃ ካስደረገው ምርመራ ይልቅ ይህ የሚያምረው ለዚህ ነው። መነሻው ምንም ጭማሪ ያልገባበት ናፍጣ ሲሆን ጠባሳው 636 ማይክሮን ነበር። ከዚያ 19 ዓይነት ነገር ተራ በተራ ተጨመረበት።

አንደኛ የወጣው ከአኩሪ አተር የተሠራ ባዮዲዝል ነው። ሁለት በመቶ ብቻ ገብቶ ጠባሳውን ወደ 221 አወረደው። ባለ ሁለት ምት ዘይት፣ አንድ ለ200 ገብቶ፣ 474 ላይ ደረሰ፤ የአሜሪካንን ደረጃ አለፈ፣ የአውሮፓን ግን አላለፈም። ለዚሁ ተብለው ከተሸጡት ጠርሙሶች አንዳንዶቹ ጥሩ ሠሩ፣ አንዳንዶቹ ለስሙ ያህል። ጥቂቶቹ ደግሞ ናፍጣውን ከመነሻው የባሰ አደረቁት፤ ከ700 ማይክሮን ያለፈም ነበረባቸው። ገንዘብ ከፍሎ ፖምፓ ማስበላት ማለት ይህ ነው።

የተቃጠለው የሞተር ዘይትስ? 634። ከመነሻው የተሻለው በሁለት ማይክሮን ነው። የዚህ መለኪያ ውጤት ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ በአሥሮች ማይክሮን ሊለያይ ስለሚችል፣ ሁለት ማይክሮን ማለት በአማርኛ ምንም ማለት ነው።

አንድ ምርመራ የመጨረሻው ቃል አይደለም፤ ጠርሙስ ለማስመረጥም አላመጣነውም። ሁለት ነገር ግን ያስተምራል። አንደኛ፣ «ዘይት ይጨመርበት» የሚለው ምክር ብቻውን ትርጉም የለውም፤ አንዱ ዘይት ያድናል፣ አንዱ አይረባም፣ ሌላው ይጎዳል። ሁለተኛ፣ መነሻው ምንም ያልገባበት ናፍጣ ነው። ማደያ የደረሰው ናፍጣ አስቀድሞ ደረጃውን አሟልቶ ከሆነ ከላይ የምንጨምረው ትርፍ ነው።

የተቃጠለ ዘይት ነገር

ይህን ለብቻው ያወጣነው ከሁሉም የሚያሳስበን እሱ ስለሆነ ነው። ከሞተር የወረደ ዘይት ውስጥ ጥላሸት አለ፣ ከብረት የተፋቀ ብናኝ አለ፣ ውኃና አሲድ አለ። ዚንክና ካልሲየም ያለባቸው የዘይቱ የራሱ ኬሚካሎችም አሉ፤ እነሱ ሲቃጠሉ አመድ ይሆናሉ። ጨርቅ የቱንም ያህል ቢደራረብ ዓይን የማያየውን ብናኝ አያስቀርም። ጥቂት ማይክሮን ክፍተት ባለው ፖምፓ ውስጥ ያ ብናኝ ሞረድ ነው። ሰውየው ፖምፓውን ላለስልስ ብሎ በሞረድ ያሸዋል ማለት ነው።

ለፍትሕ ያህል፣ ድሮ አንዳንድ የሞተር አምራቾች በጥንቃቄ የተጣራ ያገለገለ ዘይት በትንሽ መጠን ከናፍጣ ጋር እንዲቃጠል ይፈቅዱ ነበር። «አባቴ ሰላሳ ዓመት እንዲህ ሲነዳ ኖሯል» የሚለው ሰው ስለዚህ የግድ ዋሽቷል ማለት አይደለም። የአባቱ መኪና ግን የቆየ ፖምፓ ያላት፣ ጭስ ማጣሪያ የሌላት፣ ብዙ የምትችል መኪና ነበረች። ዛሬ ኮመን ሬይልና የጭስ ማጣሪያ ለተገጠመለት ሞተር ያንኑ ማድረግ ኖዝሉን በጥላሸት፣ ማጣሪያውን በአመድ መድፈን ነው። የቀረው ደግሞ በጭስ ማውጫው ወጥቶ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ አፍንጫ ውስጥ ይገባል።

«እኔ ግን ሠርቶልኛል»

ይህን ክርክር አናቃልልም። ሾፌር መኪናውን በጆሮው ያውቃል። ዘይት ከጨመረ በኋላ «ድምፁ ዝግ አለልኝ» ሲል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሞተር ድምፅ የሚለወጠው ናፍጣው በሚቃጠልበት ሁኔታ ነው፤ ፖምፓ ውስጥ ያለው ብረት እየተበላ ይሁን አይሁን ድምፁ አይናገርም። መበላት ቀስ ብሎ፣ በወራትና በዓመታት የሚመጣ ነገር ነው። ዘይት ጨምሮ ፖምፓው ያልተበላበት ሰው ባይጨምርም ይበላበት እንደነበር በምን ያውቃል? ጎረቤቱ ሳይጨምር በሰላም እየነዳ ከሆነስ?

ሌላም አለ። ፖምፓ ሲበላሽ ጣት ሁልጊዜ «ደረቅ ናፍጣ» ላይ ይቀሰራል። ውኃና አቧራስ? በጀሪካንና በበርሜል ከእጅ ወደ እጅ ሲገላበጥ የከረመ ናፍጣ ቅባቱ ቢሟላም ፖምፓ ይገድላል። ላምባ የተቀላቀለበትም እንዲሁ፤ ላምባ ከናፍጣ የቀጠነና የደረቀ ነው። ላምባ ከናፍጣ በሚረክስበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ የመቀላቀል ፈተና አለ። ለነዚህ ችግሮች አንድ ሊትር ዘይት ፈውስ አይሆናቸውም፤ በሽታውን ይሸፍናል እንጂ።

ታዲያ ማን ይጨምር?

ችግሩን የፈቱ አገሮች ሾፌሩን ኬሚስት አላደረጉትም። ጭማሪው የሚገባው ማጣሪያ ፋብሪካ ወይም ዴፖ ላይ፣ በመሣሪያ ተለክቶ፣ ቦቴው ከመጫኑ በፊት ነው። ሾፌሩ የሚገዛው ያለቀለት ናፍጣ ነው። እኛ ዘንድ ግን ጥርጣሬው በሙሉ ወደ መጨረሻው ሰው ይገፋል፤ እሱም ባለው ነገር ራሱን ይከላከላል። የዘይቱ ጠርሙስ ከቅባት በላይ የሚነግረን ነገር አለ፤ የተሸጠለትን ነገር ያላመነ ሰው ዋስትና ነው። ለዚህ ሾፌሩን «ያልተማረ» ብሎ መሳቅ ቀላል ነው። እኛ አንስቅም።

«ዴፖ ላይ መቀላቀል እኛ አገር የት ተችሎ?» የሚል ይኖራል። ተችሎ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል አምስት በመቶ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ አዲስ አበባ ላይ መሸጥ ጀምሯል፤ በ2011 ወደ አሥር በመቶ ከፍ ብሏል። ከዚያ በኋላ የገጠመው ሌላ ታሪክ ነው። አንድ ነገር በሌላው ውስጥ ለክቶ መጨመር ግን አገሪቱ ሠርታ ያየችው ሥራ ነው። አሥር በመቶ ኢታኖል የቀላቀለ ዴፖ ከሚሊዮን 200 ክፍል ቅባት መጨመር አያቅተውም።

ስለ ባዮዲዝልም እንዲሁ። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊውል ስትራቴጂ አውጥታ፣ ጃትሮፋና ጉሎ ይተከል ተብሎ ብዙ ተወርቷል። ያኔ ሕልሙ ናፍጣን መተካት ነበር፤ ለዚያ ሰፊ መሬት ያስፈልጋል። ለልስላሴ ግን አንድ ሁለት በመቶ ይበቃል። አውሮፓውያን ባዮዲዝላቸውን በብዛት የሚሠሩት የኛ ጎመን ዘር የቅርብ ዘመድ ከሆነ ተክል ነው። ምጣድ የሚያሰሰው ዘር ፖምፓም ያሳስሳል ማለት ነው። ትንሽ የተባለውን ሥራ በትንሹ መጀመር የሚያሳፍር አይመስለንም።

«ኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ ምን ናፍጣ ናፍጣ ያሰኛችኋል?» ለሚሉንም መልስ አለን። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ እሰየው። ጅቡቲ መንገድ ላይ ተሳቢ የሚጎትተው መኪና ግን ዛሬም ናፍጣ ይጠጣል፤ ነገም ከነገ ወዲያም ይጠጣል።

ስለዚህ ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ቁጥሩ ይነገረን። ለረጅም ዓመታት ናፍጣ ገዝቶ ሲያስገባ የኖረው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት፣ ደረጃ የሚያወጣውና ገበያውን የሚቆጣጠረው አካልም፣ ወደብ ላይ በተረከቡት በእያንዳንዱ መርከብ ናፍጣ ላይ የድኙን መጠንና የጠባሳውን ማይክሮን ለሕዝብ ይፋ ያድርጉ። ከዚያም ከማደያ ቧንቧ እየቀዱ ይመርምሩና ያንኑም ይንገሩን፤ ወደብ ላይ ንጹሕ የነበረው መንገድ ላይ ምን እንደነካው የሚታወቀው ያኔ ነውና። 460 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሾፌሩ የዘይት ገንዘቡን ለልጆቹ ደብተር ያውለው። ከበለጠ ደግሞ ዴፖው ላይ ይስተካከል።

እስከዚያው ለሾፌሮቻችን የምንለው ይህን ነው። የተቃጠለ ዘይት ከታንከራችሁ አርቁ። የነዳጅ ፊልትሮ በጊዜው ቀይሩ፤ የውኃ መለያ ካለው ውኃውን አውርዱ። ከማታውቁት ጀሪካን አትቅዱ። የግድ ጭማሪ ካሰኛችሁ የሞተራችሁ አምራች የሚፈቅደውን፣ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ያውም በሲኒ ጨምሩ። የቀረው የናንተ ሥራ አይደለም። የናንተ ሥራ መንዳት ነው።